ከአንድ ስም በታች ያሉ ስሞች፦ የዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የምርምር ሕይወትና ለእንሰት ጓሯችን ያለው ትምህርት

1. መግቢያ

የዕፅዋት ሥነ ምህዳር (ፕላንት ኢኮሎጂ) ኮርስ የወሰደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከሁሉ በፊት የምንማረው መቁጠርን ነው። ሜትር ይዘረጋል፤ ኳድራት ይሠራል፤ በውስጡ ያለው ተክል በየዓይነቱ ይመዘገባል፤ ናሙናው ተቆርጦ በጋዜጣ መሀል ይጫናል። በመጨረሻም በካልኩሌተር የብዝኃነት መለኪያው ይሰላል። ታዲያ በየባቹ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፦ "ቆጥረን ስንጨርስስ?"

ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ በአንድ ሰው የሥራ ሕይወት በኩል መልስ ለመፈለግ የተዘጋጀ ነው። ሰውየው ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው ከአካባቢ ጥበቃና በጂን ከተለወጡ ሰብሎች ክርክር ጋር ነው። በሙያቸው ግን የዕፅዋት ሥነ ምህዳር ሊቅ ነበሩ። እኔ ለማሳየት የምሞክረው የኋለኛው ክርክራቸው ከፊተኛው ሙያቸው የወጣ መሆኑን ነው። ይህንንም በምናውቀው ተክል፣ ማለትም በወላይታ እንሰት፣ አስደግፌ አቀርባለሁ።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ላስታውስ። አንደኛ፣ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በአዋጅ ቁጥር ላይ ያለው ዓመት ብቻ የእኛ ነው። ሁለተኛ፣ በአማርኛ "ዝርያ" የሚለው ቃል ለ"ስፒሺስም" ለ"ቫራይቲም" ስለሚያገለግል ያደናግራል። እዚህ "ዝርያ" ስል ስፒሺስ ማለቴ ነው፤ ገበሬው ከዝርያ በታች ለይቶ ስም የሚሰጠውን ደግሞ "የገበሬ ዓይነት" እለዋለሁ።

2. የትምህርትና የሥራ ጉዟቸው ባጭሩ

ዶ/ር ተወልደ በ1940 ትግራይ ውስጥ ተወለዱ። በ1963 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ፤ በ1969 ከዌልስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው ተመለሱ። ከ1974 እስከ 1978 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ ከ1978 እስከ 1983 የብሔራዊ ሄርባሪየም ኃላፊ፣ ከ1983 እስከ 1991 ደግሞ የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። ከዚያ የኢትዮጵያ የጥበቃ ስትራቴጂ ጽሕፈት ቤትን መሩ። ከ1995 ጀምሮም ለረጅም ዓመታት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ያረፉት መጋቢት 2023 በ83 ዓመታቸው ነው።

እነዚህን ዓመታት ልብ ብሎ ላየ ሰው አንድ ነገር ይገርማል። ዲን የሆኑት አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ነው፤ አስመራ የነበሩት በጦርነት መሀል ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚፈልግ ሥራ መጀመር ድፍረት ይጠይቃል። እሳቸው ግን ጀመሩ።

3. ፍሎራው፦ አገር በሙሉ ሲቆጠር

ፍሎራ ማለት የአንድን አገር ዕፅዋት በሙሉ በቤተሰብ፣ በወገንና በዝርያ ለይቶ፣ መለያ ቁልፍ አዘጋጅቶ፣ የት የት እንደሚበቅሉ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። ኢትዮጵያ የራሷ የተሟላ ፍሎራ አልነበራትም። ተማሪ አንድ ቅጠል ይዞ ስሙን ለማወቅ የጎረቤት አገር መጽሐፍ ማገላበጥ፣ ወይም ናሙናውን ወደ አውሮፓ ሄርባሪየም መላክ ነበረበት።

የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት በ1980 ሲጀመር ዶ/ር ተወልደ መሪው ሆኑ። ሥራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ሲሆን፣ ገንዘቡን የሰጠው የስዊድን መንግሥት የምርምር ትብብር ድርጅት (ሳሬክ) ነው። በኡፕሳላ በኩል ፕሮፌሰር ኡሎቭ ሄድበሪ እና ኢንጋ ሄድበሪ፣ በአዲስ አበባ በኩል ደግሞ የዶ/ር ተወልደ ባለቤት ሱ ኤድዋርድስ በአርትዖቱ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። መጀመሪያ የታተመው 3ኛው ቅጽ በ1989 ወጣ፤ የመጨረሻው 8ኛ ቅጽ በ2009። በአጠቃላይ ስምንት ቅጽ፣ አንዳንዱ በሁለት ክፍል ስለታተመ አሥር መጽሐፍ ነው። ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች በኋላ የወጡት ቅጾች "የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ" ተብለዋል። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች የተመዘገቡበት ሲሆን፣ ከመቶ አሥር ያህሉ ከዚህ አካባቢ ውጪ የማይገኙ ናቸው።

የፍሎራው ውጤት ግን መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ነው። ፕሮጀክቱ ወጣት ኢትዮጵያውያንን ኡፕሳላ እየላከ በዶክትሬት ያሠለጥን ነበር። ዛሬ በማጣቀሻዎቻችን ላይ የምናያቸው እነ ሰብስቤ ደምሰው፣ መስፍን ታደሰ፣ እንሰርሙ ቀልቤሳ የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። በ2004 የታተመውን የአደይ አበባ ቤተሰብ ቅጽ ያዘጋጁት መስፍን ታደሰ ናቸው። በ2010 ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት የኢትዮጵያ የዕፅዋት አትላስም፣ አገሪቱን በ12 ዋና ዋና የዕፅዋት ዓይነቶች የከፈለው፣ ያለ ፍሎራው አይታሰብም ነበር። ኳድራት ሠርተን "ይሄ ምንድነው?" ስንል መልስ የምናገኘው በዚህ ሰንሰለት ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ ቆጠራ ስም ይሰጣል፤ ስም የሌለውን ነገር መጠበቅም መከራከርም አይቻልም።

4. ፍሎራው የማይደርስበት ቦታ

አሁን ወደ ወላይታ እንምጣ። 6ኛውን ቅጽ ገልጠን የሙዝ ቤተሰብን ስናይ እንሰት አንድ ዝርያ ነው፦ ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም። አንድ ስም፣ አንድ ገለጻ። ሥራው ትክክል ነው፤ ፍሎራ የሚሠራው በዝርያ ደረጃ ነውና።

ከሶዶ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ አንዲትን እናት ስለ ጓሯቸው ስጠይቃቸው ግን አንድ ስም አልሰጡኝም። ግንዱ ቀላ ያለውን፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለውን፣ ነጠብጣብ ያለበትን እየነኩ የየራሱን ስም ጠሩልኝ። "እማማ፣ ሁሉም እንሰት አይደለም እንዴ?" አልኳቸው። "እንሰትማ ነው፤ እናንተስ ሁላችሁም ተማሪ አይደላችሁ? ስም የላችሁም ታዲያ?" አሉኝ።

እኚህ እናት የነገሩኝ በጥናትም የተረጋገጠ ነው። በ2014 የታተመ፣ በወላይታ የተደረገ ጥናት 67 የገበሬ ዓይነቶችን መዝግቧል። ገበሬዎች "ወንዴ" እና "ሴቴ" ብለውም ይለያሉ፦ ወንዴው ጠንካራ፣ በሽታ የሚችል፣ ዘግይቶ የሚደርስ፤ ሴቴው ለስላሳ፣ የሚጣፍጥ፣ ቶሎ የሚደርስ። አንዱ ለቆጮ፣ አንዱ ለቡላ፣ አንዱ ተቀቅሎ ለሚበላው አምቾ፣ ሌላው ለቃጫ ይመረጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሥነ ሕይወት ነጥብ ማስታወስ ያስፈልጋል። የጓሮ እንሰት በዘር አይባዛም። ያልደረሰ እንሰት ተቆርጦ፣ የአምቾው መሀል ተፈልፍሎ ወጥቶ፣ አፈር ውስጥ ሲቀበር ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ይሰጣል። ችግኞቹ የእናታቸው ግልባጭ (ክሎን) ናቸው። ስለዚህ አንድ የገበሬ ዓይነት በሕይወት የሚቆየው ሰው እየመረጠ ስለተከለው ብቻ ነው። አንድ ሠፈር መትከል ካቆመ ዓይነቱ እዚያ አለቀ ማለት ነው። ጫካ ገብተን አናገኘውም፤ ሄርባሪየም ውስጥ ያለው የደረቀ ቅጠልም አያበቅለውም።

የዶ/ር ተወልደ ሐሳብ መሠረት እዚህ ይመስለኛል። በተፈጥሮ ደን ውስጥ ብዝኃነትን የሚያቆየው አየሩ፣ አፈሩ፣ ከፍታውና በዕፅዋቱ መካከል ያለው ፉክክር ነው። በእርሻ ውስጥ ግን ብዝኃነትን የሚያቆየው የገበሬው እጅ ነው፤ በእንሰት ደግሞ በተለይ የሴቶች እጅ። እንግዲህ ሥነ ምህዳር ባለሙያ የገበሬውን ብዝኃነት ልጠብቅ ካለ፣ የሚጠበቀው ተክሉ ብቻ ሳይሆን የገበሬው መብትና ዕውቀትም ነው። ከኳድራት ወደ ሕግ የሚወስደው መንገድ ይህ ነው።

5. ከሄርባሪየም ወደ ድርድር አዳራሽ

በ1990ዎቹ ዓለም ሁለት ጥያቄ ገጠማት። አንደኛው በጂን ምህንድስና የተለወጡ ሰብሎች ከአገር አገር ሲጓዙ ተቀባዩ አገር ምን ይላል የሚል ነው። ሁለተኛው የዘር ባለቤት ማነው የሚል ነው። በሁለቱም ላይ ዶ/ር ተወልደ የአፍሪካ ድምፅ ሆኑ።

በየካቲት 1999 በኮሎምቢያዋ ካርታኼና ከተማ የተጠራው ድርድር ሳይስማሙ ተበተነ። እህል በብዛት ወደ ውጭ የሚልኩ አገሮች፣ አሜሪካና ካናዳን ጨምሮ፣ ጠንካራ ቁጥጥር አልፈለጉም። ዶ/ር ተወልደ አብዛኞቹን ታዳጊ አገሮች ለያዘው ቡድን ቃል አቀባይ ነበሩ። ክርክሩ ቀጥሎ ጥር 29 ቀን 2000 ሞንትሪያል ላይ የካርታኼና ፕሮቶኮል ጸደቀ፤ መስከረም 2003 በሥራ ላይ ዋለ። ዋናው ነጥቡ እንዲህ ነው፦ ለዘር የሚሆን፣ በጂን የተለወጠ ሕያው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ አገር ከመግባቱ በፊት አገሩ ተነግሮት መስማማት አለበት፤ ሳይንሱ ገና እርግጠኛ ባይሆንም ለጥንቃቄ ሲል እንቢ ማለት ይችላል። በዚያው በ2000 ዶ/ር ተወልደ "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት፣ በ2006 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን "የምድር ሻምፒዮን" ሽልማት ተቀበሉ።

በሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የማኅበረሰቦችን፣ የገበሬዎችንና የአዳቃዮችን መብት ለማስጠበቅ ባወጣው የሞዴል ሕግ ዝግጅት ውስጥ ዋና ተዋናይ ነበሩ። በአገራችንም የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጣ። "አርክቦት" የሚለው ቃል እንግዳ ሊሆንብን ይችላል፤ ሀብቱን የማግኘትና የመጠቀም ፈቃድ ማለት ነው። በአዋጁ መሠረት ማኅበረሰቡ ዕውቀቱን እንደ ልማዱ የመጠቀም፣ ሲወሰድበት አስቀድሞ የመስማማት፣ ከሚገኘው ጥቅምም የመካፈል መብት አለው።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን የጤፍን ታሪክ እናስታውስ። በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ የጥቅም መጋራት ውል ተፈራረመች። ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ አውሮፓ ውስጥ ፓተንት አወጣ፤ በ2009 ከሰረ፤ አገሪቱም ከውሉ የጠበቀችውን ጥቅም አላገኘችም። በ2018 መጨረሻ ዘ ሄግ ያለ ፍርድ ቤት "እዚህ ላይ አዲስ ፈጠራ የለም" በሚል የሆላንዱን ፓተንት እስኪሽር ድረስ ጉዳዩ ዓመታት ወሰደ። ጤፍ ላይ የሆነው ነገ ቡላ ላይ፣ ከነገ ወዲያ በወላይታ ዲንች ላይ ላለመሆኑ ዋስትናው ምንድነው? መልሱ በከፊል እኛ በምንሠራው መዝገብ ላይ ነው። ይህ ዓይነት ከዚህ ሠፈር ነው፣ እነዚህ ሰዎች በዚህ ስም ሲተክሉት ኖረዋል የሚል የተጻፈ ማስረጃ የሌለው ማኅበረሰብ መብቱን በምን ያስረዳል?

6. የአፈር ጉዳይ

ዶ/ር ተወልደ ስብሰባ ብቻ አልሠሩም። ከ1996 ጀምሮ ከባለቤታቸው ከሱ ኤድዋርድስና ከዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ጋር ሆነው በትግራይ አራት አካባቢዎች ሥራ ተጀመረ፦ ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ እርከን መሥራት፣ ልቅ ግጦሽን መቆጣጠር፣ ማኅበረሰቡም ይህን የሚያስተዳድርበትን የራሱን ደንብ እንዲያወጣ ማገዝ። በ2007 በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በኩል የወጣው ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ ኮምፖስት የተደረገበት ማሳ ምንም ካልተደረገበት እጥፍ ገደማ ያፈራ ሲሆን፣ በአብዛኛው ሰብል የፋብሪካ ማዳበሪያ ከተደረገበትም ይበልጥ ነበር።

እዚህ ላይ እንደ ተማሪ አንድ አስተያየት ልስጥ። መረጃው የተሰበሰበው ከገበሬዎች ማሳ ነው፤ በዕጣ ከተመደበ ሙከራ አይደለም። ኮምፖስት የሚያደርገው ገበሬ በሌላውም ሥራ ትጉህ ሊሆን ይችላል፤ ማሳውም ቀድሞ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ሌላ ቦታ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። አቅጣጫው ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የወላይታ ገበሬ ቤቱ አጠገብ ያለውን መሬት "ዳርኩዋ"፣ ራቅ ያለውን "ሾቃ" ይለዋል። ፍግና ጥራጊ የሚደፋው ዳርኩዋው ላይ ስለሆነ አፈሩ ጥቁርና ለም ነው፤ እንሰቱም የሚተከለው እዚያ ነው። ሾቃው ግን ይራቆታል። መሬት እየጠበበ ከብትም እየቀነሰ ሲሄድ ፍጉ ያንሳል፤ ፍጉ ሲያንስ ዳርኩዋው ይጠብባል፤ ያኔ ገበሬው ቶሎ የማይደርሱትን ዓይነቶች መትከል ይተዋል። የአፈሩ መድከምና የስሞቹ መጥፋት አንድ ታሪክ ነው ማለት ነው። አፈርና ብዝኃነትን በአንድ ዓይን ማየት ደግሞ ከዶ/ር ተወልደ ሥራ የምንወስደው ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል።

7. የሚነሳባቸው ትችት

ስለ አንድ ሰው ሥራ ስንጽፍ ማሞገስ ብቻ ሳይንስ አይሆንም። በእሳቸው የሥራ ዘመን የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 በጣም ጥብቅ በመሆኑ፣ ብዙ የግብርና ተመራማሪዎች "ለምርምር እንኳ በር ዘጋብን" ብለው ተቃውመውታል። አዋጁ በ2015 ተሻሽሎ ላላ፤ በ2018 ተባይ የሚቋቋም በጂን የተለወጠ ጥጥ ተፈቀደ። በዚህ ረገድ አገሪቱ ከእሳቸው መንገድ ወጣ ብላለች ማለት ይቻላል።

ለወላይታ ይህ ክርክር የሩቅ ወሬ አይደለም። የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ በ1968 በሳይንስ የተገለጸው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በእንሰት ላይ ነው። ዘንድሮም ድረስ በሽታው የገባበት ጓሮ ሊራቆት ይችላል፤ ማዳኛ መድኃኒት የለውም። ይኸው ባክቴሪያ በ2001 ዩጋንዳ ሙዝ ላይ ሲነሳ፣ ተመራማሪዎች ከቃሪያ ዘመድ የወሰዱትን ጂን ሙዝ ውስጥ አስገብተው የሚቋቋም ተክል አግኝተዋል። ለእንሰትም ተመሳሳይ ምርምር ተጀምሯል። ጓሮዋ ባዶ የቀረባትን እናት "ጥንቃቄ ይቅደም" ብሎ መመለስ ከባድ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም።

ነገር ግን የሌላውንም ወገን እንይ። "ማዝያ" የሚባለው የወላይታ ዓይነት አጠውልግን ከሌሎቹ በተሻለ እንደሚቋቋም ገበሬው ያውቃል፤ የምርምር ሥራዎችም ይህንኑ አሳይተዋል። አረካ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በርካታ የእንሰት ዓይነቶችን ሰብስቦ ተክሏል። ከማዝያ የሚነሳ የማዳቀልና የመምረጥ ሥራ ከጂን ምህንድስናው ባልተናነሰ ገንዘብና ጊዜ ቢደገፍ የት ይደርስ ነበር? ደግሞስ በምህንድስና የሚሻሻለው አንድ ዓይነት ብቻ ሆኖ ሁሉም እሱን ቢተክል፣ የተቀሩት 66 ስሞች ምን ይሆናሉ? እነዚህ የዶ/ር ተወልደ ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው። እኔ በበኩሌ ቴክኖሎጂውን መዝጋት ትክክል ነው አልልም። ነገር ግን አዳቃይም ሆነ የጂን መሐንዲስ የሚነሳው ከገበሬው ዓይነት ነው፤ መነሻው ከጠፋ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ስለዚህ ከሁለቱ ክርክር በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ ያም በየጓሮው ያለውን ማወቅና እንዲቆይ ማድረግ ነው።

8. መደምደሚያና ለትምህርት ክፍላችን የቀረበ ሐሳብ

በአጠቃላይ የዶ/ር ተወልደ ብርሃን የምርምር ሕይወት በሦስት ደረጃ ሊጠቃለል ይችላል። መጀመሪያ ያለውን በስሙ ማወቅ፤ ይህ ፍሎራው ነው። ቀጥሎ ያለውን ያቆየው ማን እንደሆነ መጠየቅ፤ ይህ የማኅበረሰብ መብት ነው። በመጨረሻም ያቆየው ሰው መቀጠል እንዲችል መሬቱን ማገዝ፤ ይህ የትግራዩ ሥራ ነው። ሦስቱን ለያይተን ካስተማርን የሚወጣው ወይ ስም ብቻ የሚያውቅ፣ ወይ መፈክር ብቻ የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

እንግዲህ ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ ሩቅ አይደለም። የመስክ ልምምዳችን በአብዛኛው በደንና በግጦሽ መሬት ላይ ነው። ከዚሁ ሳንቀንስ፣ በየሴሚስተሩ አንድ ቀን ለጓሮ ይሰጥ። ተማሪው ኳድራቱን ዳርኩዋ ውስጥ ይሥራ፤ "እንሰት፣ 40" ብሎ አይለፍ። እያንዳንዱን ዓይነት በወላይትኛ ስሙ፣ ለምን እንደሚተከል፣ ከማን እንደመጣ፣ ዘንድሮ ተተክሎ እንደሆነና እንዳልሆነ ይመዝግብ። የነገሩንን ሰዎች ፈቃድ እንጠይቅ፤ መዝገቡም ተመልሶ ለቀበሌው ይሰጥ። በየዓመቱ እዚያው ጓሮ ብንመለስ ከአምስት ዓመት በኋላ የትኛው ስም እየጠፋ እንደሆነ በማስረጃ መናገር እንችላለን። ወጪው ማስታወሻ ደብተርና የእግር መንገድ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎችን አስቀምጬ ልጨርስ።

ሀ) ሁለት ጓሮዎች እኩል የእንሰት ብዛት አላቸው፤ አንዱ ሁለት፣ ሌላው አሥር የገበሬ ዓይነት ይዟል። በዝርያ ደረጃ የሚሰላ የብዝኃነት መለኪያ ልዩነታቸውን ያሳያል? ካላሳየ ምን መለካት አለብን?

ለ) የአንድ የገበሬ ዓይነት ስም በሁለት ቀበሌ ቢለያይ፣ ወይም አንድ ስም ለሁለት የተለያየ ተክል ቢሰጥ፣ በምን ዘዴ እንለያለን?

ሐ) ማዝያን መሠረት አድርጎ አዲስ ዓይነት ቢወጣ፣ በአዋጅ 482/1998 መሠረት ጥቅሙን ሊካፈል የሚገባው ማነው? የአንድ ቀበሌ ሰው ነው፣ የወላይታ ሕዝብ በሙሉ ነው፣ ወይስ እንሰት ተካይ የሆነ ሁሉ?

ሦስተኛውን ጥያቄ መምህሮቻችንም ቢወያዩበት ደስ ይለኛል፤ እስካሁን ከጠየቅኳቸው ሰዎች ሁለቱ እንኳ አንድ መልስ አልሰጡኝም።